የአበራ ወፍና የእኔ ወፍ

ከአዳማ የወጣሁት በማለዳ ነው። ወፍ ፎቶ ላነሳ ነው የሄድኩት፤ እውነቱን ካወራን ግን አበራን ልበልጥ ነው። አበራም እንደ እኔ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ስቱዲዮዎቻችን ፊት ለፊት ነበሩ። አሁን ሁለታችንም አርጅተን ዘግተናል። በቅርቡ ላንጋኖ ሄዶ አንዲት ትንሽ የውሃ ዳር ወፍ አነሳ፤ ፀጉር አስተካካያችንም ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቀለለት። ጢሜን ስላጭ የማየው እሷን ነው። ምላጭ አንገቴ ላይ እያለ ፊቴን ወዴት አዞራለሁ? የገባው ሁሉ "እንዴት ታምራለች" ይላል። ስንቱን ሙሽራ አሳምሬ የኖርኩ ሰው ይህን እሰማለሁ።

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ። ቆቃን አልፈን መቂ ስንደርስ በጆንያ የተከመረ ሽንኩርት መንገዱን አጥብቦት ነበር። ባቱ ወርጄ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ።

"አባባ፣ ካሜራ ይዘው ወዴት ነው?" አለችኝ አስተናጋጇ።

"ላንጋኖ። ወፍ ላነሳ።"

"ባለፈው አንድ አባት ለወፍ ብለው ሲሄዱ እዚሁ በልተዋል። እንዴት ያሉ ጨዋታ አዋቂ መሰሉዎት።"

ዓሣው መረረኝ፤ ግማሹን ትቼ ተነሳሁ።

ላንጋኖ መገንጠያ አስፋልቱ ላይ ወርጄ በሞተር ሳይክል ወደ ውሃው ዳር ገባሁ። የላንጋኖ ውሃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ወፎቹ አሸዋው ላይ ናቸው፤ ጫጩት ያህላሉ፣ ደረታቸው ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለ። ሮጥ ይላሉ፣ ቆም ይላሉ። ኮቴን ቆልፌ ቆምኩና እንደ ልማዴ እጄን አነሳሁ፦

"ቀጥ በሉ። ወደዚህ እዩ።"

ብር አሉ። ተመለሱ፤ እኔም ደገምኩት፤ አሁንም በረሩ። አፌ ለምዶብኝ ምን ላድርግ።

መረቡን የሚጠግን ገመቹ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ከት ብሎ ሳቀ። "አባባ፣ ወፏ መታወቂያ ልታወጣ ነው እንዴ?"

"ሥራህን ሥራ።"

"ባለፈው የመጡት ሽማግሌ እኮ በሆዳቸው ተኝተው ነው ያነሷት። የሞቱ መስሎን ልንሸከማቸው ሄደን ነበር።"

"እሱ የተኛበት እኔ አልተኛም" አልኩት።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ አንዲትም አልጠጋችኝም። የአበራ ወፍ ግድግዳው ላይ ሆና ታየችኝ። ገመቹ መረቡን ተሸክሞ ሲሄድ ጠብቄ ኮቴን አወለቅኩ፤ ጉልበቴ እየተንቋቋ በሆዴ ተኛሁ። ብዙም ሳትቆይ አንዷ መጣች፣ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች። "ቀጥ በይ" ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። አነሳኋት።

አዳማ ተመልሼ ፎቶዋን አሳጠብኩና ፀጉር አስተካካዩ ከአበራ ወፍ ጎን ሰቀላት። እኔ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። አበራ ሊላጭ መጣ። ምላጩ አንገቱ ላይ ነው፤ ፊቱን ማዞር አይችልም። ወፌን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

"ተኝተህ ነው ያነሳሃት?" አለኝ።

"ቆሜ።"

ጉዞው ያስተማረኝ ወፍ ለሚያዛት እንደማትቆም፣ ዝቅ ላለላት ግን ራሷ እንደምትመጣ ነው። ይህን ለእናንተ ጻፍኩ፤ ለአበራ አልነገርኩትም። በማግስቱ ካሜራውን አንግቶ መናኸሪያ አይቼዋለሁ። ቆሞ ሊያነሳ ነው የሄደው።