የዶዮገናው ቤት እና የእማማ እንሰት

ግድግዳ የሚያቅፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አቅፌ አውቃለሁ። ዶዮገና ላይ፣ ሊሸጥ ነው የተባለውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን፣ ሰዎቹ ወደ ውጭ ወጣ እስኪሉ ጠብቄ ጉንጬን ለጠፍኩበት። ባሌ በበሩ አጮልቆ አየኝና፣ «ኧረ ቀስ በይ! ሻጮቹ እንዲህ ሆነሽ ካዩሽ እኮ ዋጋው ጣራ ነካ» አለኝ።

ምን ላድርግ! ከተጋባን ጀምሮ ሆሳዕና ውስጥ የኖርነው በኪራይ ነው። ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። ምስማር ለመምታት እንኳ አከራያችንን አስፈቅዳለሁ። ነርስ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላውን ሰው ሳዝ እውልና ቤቴ ስገባ «ልጆችሽ ጮኹ» ተብዬ እኔው እገሠጻለሁ። የራሴ በር እንዲኖረኝ ነበር የምፈልገው። በቃ፣ በር።

የዶዮገናው ሰፈር ደግሞ የድሮ ባለጸጎች ሰፈር ነው። ጡረታ የወጡ ዳይሬክተሮችና የደረጁ ነጋዴዎች ይኖሩበታል። ቤቶቹ ከደጃቸው ሰፊ የሳር ሜዳ፣ ከጓሯቸው ጥቅጥቅ ያለ እንሰት አላቸው። አሁን አሁን እንደኛ ያለው የቢሮና የትምህርት ቤት ሰው እየገባበት ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ታጭቆ ሆሳዕና ይወርዳል፣ ማታ ወደ ብርዱና ወደ ጸጥታው ይመለሳል። ያየነው ቤት ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ ይላል። ባለቤቶቹ በዕድሜ የገፉ ካቶሊክ ባልና ሚስት ናቸው። አባባ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ሆሳዕና ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። እኛ ከሆሳዕና ስንሸሽ እነሱ ወደ ሆሳዕና!

ዋጋው በሁለት ቅዳሜ አለቀ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሽማግሌዎች ሳሎን ተሰበሰቡና ውል መጻፍ ተጀመረ። ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አያምንም። «በጓሮው ያለውን እንሰት ጨምሮ በሉበት» አለ። ጸሐፊው ጻፈ። አባባ ዝም፣ ሽማግሌዎቹ ዝም። እኔም ቁጭ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ዓይኔ ወለሉ ላይ ነበር፤ አልጋው በየት በኩል ይሁን እያልኩ ነበር።

ውሉ ተነበበ፣ አባባ ፈረሙ፣ ወረቀቱ ወደ ሚስትየዋ ዞረ። እማማ አልነኩትም።

«ቤቱን ሽጡ» አሉ ረጋ ብለው። «ከቤቱ ጋር ጠብ የለኝም። እንሰቴን ግን ማን ጠየቀኝ?»

ተነሥተው በጓሮ በር ወጡ። ጉድ ፈላ! ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ አንገታቸውን ደፉ፤ ሁሉም የሚያውቁትን ነገር ነው የረሱት። በእኛ አገር፣ ሃዲያም ይሁን ከምባታ፣ ቤቱ የባል ቢባል እንኳ ጓሮው የሴቷ ነው። የትኛው እንሰት እንደሚቆረጥ፣ መቼ ለቆጮ እንደሚፋቅ፣ ለማን እንደሚሰጥ የምታዝ እሷ ናት። ባሏ ሳይጠይቃት አይነካውም። ጃጁራ ከተማ ያለችው እናቴ ይህን ብትሰማ በዚህ ዕድሜዬ በጥፊ ትለኝ ነበር። ወንዶቹስ ይሁኑ፤ እኔ ሴቷ እንዴት ዝም አልኩ?

ቤቱን ያሳየን ደላላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬ ካልተፈረመ ቤቱን የሚፈልግ አንድ የአዲሎ ነጋዴ ነገ ይመጣል፤ ጨምሮ ነው የሚገዛው» አለኝ። ባሌን ወደ ጥግ ወስጄ በሹክሹክታ ጮኽኩበት።

«እንሰት ጻፉ ያለህ ማነው?»

«አንቺስ ራስሽን አልነቀነቅሽም?»

«እኔማ አልጋ እየዘረጋሁ ነበር!»

«ቀስ በይ። ሽማግሌዎቹ ይለምኗቸዋል።»

«ቀስ ቀስ ስትል ቤቱ ሄደልህ!» አልኩትና ጥዬው ወደ ጓሮ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ገና ማፍሰሴ ነበር፣ መልቀሙን ደግሞ ማንም ሊያደርግልኝ አይችልም።

እንሰቱ ጫፍ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። ሳይፈቀድልኝ አንድ ጊዜ ገብቻለሁ፤ ያውም በወረቀት። «እማማ፣ ልግባ?» አልኩ።

ቅጠሉ ውስጥ ናቸው፣ አይታዩኝም። «በዚያ ጫማሽ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ለፊርማው ብዬ ያደረግኩትን ባለ ተረከዝ ጫማ አውልቄ ገባሁ። እሳቸው ከምባትኛ፣ እኔ ሃዲይኛ ተናጋሪ ነን፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው፣ እሱንም ሁለታችንም እየሰባበርን። አንዱን ግንድ መታ መታ አድርገው፣ «ይህ ለመፋቅ ደርሷል?» አሉኝ።

ልዋሽ አሰብኩ። ከዚያ አፈርኩ። «እማማ፣ እኔ ከተማ ነው ያደግኩት። ቆጮ ከገበያ ነው የምገዛው። አላውቅም።»

«ቡላ የሚወጣው የትኛው ነው?»

«አላውቅም።»

«ሥሩ ሲቀቀል አሚቾው የሚጣፍጠውስ?»

«መብላቱን ነው የማውቀው» ስላቸው ሳያስቡት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ዕንባዬ መጣ።

ክንዴን ይዘው እየዞሩ አሳዩኝ። ሙሽራ ሆነው ሲመጡ እናታቸው ያሸከሟቸው አንድ ችግኝ ነበር። እሱ ደርሶ ተፋቀ፤ ከሥሩ የበቀሉት ተተከሉ፤ እነሱም ተፋቁ። «ይቺ የዚያች ችግኝ የልጅ ልጅ ናት» አሉኝ አንዷን እንደ ሕፃን ደግፈው። «ሰባት ልጅ አሳድጋልኛለች። የአዲሎው ሰውዬ ነቅሎ የሚከራይ ሰርቪስ ሊሠራበት ነው። አንቺስ ምን ልታደርጊው ነው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ግማሹን አንሥቼ ለልጆቼ መጫወቻ ላደርገው ነበር ያሰብኩት። እዚያው ቆሜ ግን ሐሳቤ አሳፈረኝ፤ ልጆቼ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ያገኛሉ? መጀመሪያ ልጠይቅ የሚገባኝን ያኔ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ እንሰትዎን ይሸጡልኛል?»

«አልሸጥም» አሉ።

ክው አልኩ። ግድግዳዬ፣ በሬ፣ ሁሉም ሲሄድ ታየኝ።

«እንሰት ይሸጣል እንዴ! ለጠየቀ ይሰጣል እንጂ» አሉና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ግን ሲደርስ እኔ እመጣለሁ፤ የሰፈሩን ሴቶች እጠራለሁ። አንቺም እንደ ነርስ ቆመሽ ማየት የለም። ቁጭ ብለሽ ትፍቂያለሽ።»

«እፍቃለሁ!» ብዬ አቀፍኳቸው። ተንገዳግደን ልንወድቅ ነበር።

ሳሎን ስንገባ እኔ ባዶ እግሬን፣ ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ። ባሌ ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይኑን ያፈጠጠው የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደ ቀን ነው። እማማ ቆመው ጸሐፊውን አዘዙት። ከቤቱ ውል ላይ እንሰት የሚለው ይሰረዝ፤ ለእንሰቱ ሌላ ወረቀት ይጻፍ። ሰጪ እሳቸው፣ ተቀባይ እኔ።

«ምስክሮቹስ?» አለ ጸሐፊው።

«እነዚህ ሁለቱ» አሉ እማማ፣ ባላቸውንና ባሌን በአገጫቸው እያሳዩ።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አባባ «እሺ እመቤቴ» ብለው ፈረሙ። ባሌም እየሳቀ ፈረመ። እማማ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፤ እኔ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩ። መሬት ላይ ከቆመ ነገር በአንዱም ላይ ስሜ ሰፍሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ የቤቱ ውል ቀረበ፣ እማማም ሳያንገራግሩ አተሙበት።

ቀለሙን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ ልጄ፣ አሁን ጓሮሽን አሳዪኝ።»

እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነን ወጣን። መንገዱን አላውቀውም፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ቅጠል ውስጥ ገባሁ። እማማ ግን መንገዱን ሳያሳዩኝ እንደ እንግዳ ተከተሉኝ።