የአባባ እጅ

እዚህ ጅቡቲ የናጋድ ባቡር ጣቢያ ወለል በበረኪና በተወለወለ ቁጥር የአያቴ እጅ ትዝ ይለኛል።

የኮሮና ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አያቴን «አባባ» እንላቸዋለን፤ በድሮው ባቡር ትኬት ሲቆጣጠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። የመርሳት ሕመም ከያዛቸው በኋላ ጠዋት ጠዋት ከቤት እያመለጡ ወደ ተዘጋው አሮጌ ጣቢያ ይሄዳሉ። ላገኙት መንገደኛ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው «ትኬት!» ይላሉ። ማስክ አያውቁ፣ ርቀት አያውቁ።

አንድ ቀን ፈልጌ ሳገኛቸው ሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጮኽባቸዋል።

«ይሄ እብድ ሊጨርሰን ነው!»

አንዲት ሴት ከባልዲዋ በረኪና እጃቸው ላይ ደፋችባቸው። አባባ እኔን ሲያዩ ያንኑ የረጠበ እጅ ዘረጉልኝ።

«ትኬትሽን፣ ልጄ።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «የናንተ ሰው ነው?»

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ለካ እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ነበር። አልተቆጣችኝም። እጃቸውን በሻሿ እያደረቀች፣ «እሳቸውስ ታመው ነው የረሱን» አለች። ያኔ በቅጡ አልገባኝም።

ዛሬ የተሳፈርኩበት ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ገና ወጣት ነው። እጁን ሲዘረጋ ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ትኬቴን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ግራ ገብቶት አየኝ።