በዩኒየን ላይ የተላኩ ሽማግሌዎች

ነገሩ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቴ ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ከልጄ ጋር የትምህርት ቤት ጫማ እየመረጥን ነበር። ሱቁ ውስጥ ዘፈን ተከፍቷል። ልጄ አንዱን ጫማ እንዳጠለቀች ቀና አለችና፣ "ማሚ፣ ዛት ኢዝ ዩ" አለችኝ። አዳመጥኩ። ዘፋኟን በሕይወቴ አይቻት አላውቅም፤ ዘፈኑንም የዚያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ከኋላዋ የሚቀበላት ድምፅ ግን የኔ ነው። ዜማውን ከማንሳቴ በፊት ትንፋሼን የምስበው እንኳ አልቀረም። ጫማውን ሳንገዛ ወጣን።

እኔ ተቀባይ ነኝ። ደሴ ሳለሁ ሠርግ ቤት እቀበል ነበር፤ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ደግሞ ሳምንቱን ዌርሃውስ ዕቃ ሳነሳ ስጥል ውዬ፣ ቅዳሜና እሁድ ኢስትሙር ሰፈር ባለ አንድ ስቱዲዮ ሶል የሚባለውን የጥቁሮች ሙዚቃ ለሚዘፍኑ እቀበላለሁ። ሰው ተቀባይ ሲባል አዳማቂ ይመስለዋል። እስቲ ከሶል ዘፈን ተቀባዮቹን አውጡና ዘፋኙን ብቻውን ስሙት፤ መልስ የሚሰጠው አጥቶ የሚለምን ሰው ነው የሚሆነው። ቤዙም፣ ድራሙም፣ ኦርጋኑም እንደዚያው ናቸው። ዘፋኙ ግጥሙን ይዞ ይመጣል፤ ቀሪውን እዚያው ቆመን የምንፈጥረው እኛ ነን። ኖታ የሚጽፍልን የለም። ቤዝ ተጫዋቹ ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እሱ አንድ ነገር ይጀምራል፣ እኔ አንድ ነገር አነሳበታለሁ፣ ከዚያ ዘፈኑ ይመጣል።

የስቱዲዮው ባለቤት የአገራችን ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እዚህም በአንቱታ የምጽፋቸው አስተዳደጌ ይዞኝ እንጂ ይገባቸዋል ብዬ አይደለም።

በማግስቱ ሄጄ ስለ ዘፈኑ ጠየቅኳቸው። ከወንበራቸው እንኳ አልተነሱም።

"አዎ፣ ድሮ ሪኮርድ ያደረግነውን ሪዩዝ አደረግነው፤ እዚህ ዘፈን ላይ ገባ። ምን አለበት? ስቱዲዮው የኔ፣ ማይኩ የኔ። ደግሞ እኔና አንቺ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?" አሉኝ።

ቤተሰብ። ይቺን ቃል እንዴት እንደጠላኋት! ቤተሰብ ስለሆንን ውል አንፈርምም። ቤተሰብ ስለሆንን ሥራው እስኪያልቅ ሰዓት አናይም። ቤተሰብ ስለሆንን አልበሙ ላይ ስማችን አይወጣም። በኛ ዘንድ ጋሼ የሚሉትን ሰው "ውል ይፈርሙልኝ" ማለት "ሌባ ነዎት" ከማለት አይተናነስም፤ እሳቸውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የኖሩበትም በዚሁ ነው።

ለቤዝ ተጫዋቹ ስነግረው አልገረመውም። በወጣትነቱ የሱንም ሥራ ባለ ስቱዲዮዎች እንዲሁ ሲወስዱበት ኖረዋል። ከሙዚቀኞቹ የሠራተኛ ማኅበር፣ ከዩኒየኑ፣ የሚፈረም ካርድ አመጣልኝ። ስቱዲዮው ውስጥ ቋሚዎቹ አምስት ነን። እሱና ድራመሩ ፈርመዋል፤ ኦርጋን ተጫዋቹ ፈሪ ነው፤ ሌላዋ ተቀባይ የጋሼ የእህት ልጅ ናት። ምርጫ ተደርጎ ሦስታችን ዩኒየኑን ከመረጥን፣ ዩኒየኑ በስማችን ተደራድሮ ይዋዋላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ውል ቀረጻ የለም፤ አንድ ጊዜ የተቀረጸውንም ሳያስፈቅዱ ሌላ ዘፈን ውስጥ መክተት ቀረ። ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ። ፈረምኩ።

ሌላ አሠሪ ቢሆን ጠበቃ ይቀጥራል። ጋሼ ሽማግሌ ላኩብኝ።

እሁድ ከቀትር በኋላ ነው፣ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታችን። ሦስት ሆነው መጡ፤ መስጊዳችን የሚከበሩ አንድ ሐጂ፣ ከባሌ ጋር ትራክ የሚነዱ አንድ ጎልማሳ፣ አንድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በኩል። የወሎ ሽማግሌ እንዲህ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ሶፋውን ብናሳያቸው፣ "እሺ ካላልሽን አንቀመጥም" አሉ። ሐጂ እንደቆሙ ዱዓ አደረጉ፤ እኔና ባሌም እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። ለምን እንደመጡ ሳላውቅ አሚን ማለቴ ያናድደኛል።

"ልጄ" አሉ ሐጂ፣ "ጋሼሽ ኮርታብኛለች ብለው ላኩን። ካርዱን ካንስል አድርጊውና ይቅር ተባባሉ። ባዳ ፊት አታዋርጃቸው።"

"ሐጂ፣ እኛ አልተጣላንም። የሥራ ነገር ነው።"

የትራኩ ሰውዬ ፈገግ ብለው፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንቺ ደግሞ ሞኝ አይደለሽም" አሉ።

"እንግዲያው ወረቀቱ ይያዘው" አልኳቸው። ባሌ መሬት መሬት ያያል።

ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ነገር ይሰማል፤ ሥርዓቱ ነው። ጋሼ ምን እንዳደረጉኝ ነግረዋቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። አልነገሯቸውም። ስልኬን አውጥቼ ዘፈኑን ከፈትኩላቸው። ሦስቱም እንደቆሙ ሰሙት።

"ይሄማ አንቺ ነሽ" አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው።

"እኔ ነኝ። ይህን ዘፈን ግን ዘፍኜው አላውቅም።"

ከሌላ ዘፈን ቆርጠው እንዴት እንደለጠፉት አስረዳኋቸው። የትራኩ ሰውዬ፣ "ይሄ እንኳ ራይት አይደለም" አሉ። አሁን ይቀመጣሉ፣ ተመልሰውም ጋሼን ይወቅሷቸዋል ብዬ ደስ አለኝ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ገብቶናል፤ በድለውሻል። ቢሆንም ለኛ ስትይ ተይው። እሺ በይንና እንቀመጥ።"

ደሜ የፈላው ያኔ ነው። ባይገባቸው ኖሮ ደግሜ አስረዳ ነበር። ገብቷቸው ነው እንዲህ ያሉኝ። ሽምግልና ስንት ደም ሲያደርቅ፣ ሊፈርስ የነበረ ስንት ትዳር ሲያቆም አይቻለሁ፤ የሚያኮራኝም ነገር ነበር። እሱን አንድ ባለ ስቱዲዮ ዩኒየን ማፍረሻ ሲያደርገው፣ እነዚህ የማከብራቸው ሰዎች ደግሞ እያወቁ ተሸክመውለት ቤቴ ድረስ መጡ። የአገራችን ሰው ባልሆነው ድራመር ላይ ሽማግሌ አልተላከም። ቢላክበትም "ማን ናችሁ?" ብሎ በሩን ይዘጋው ነበር። ሰው አክብሬ በሬን ስለከፈትኩ ነው እኔ ላይ የሚሞከረው?

"አይሆንም" አልኩ።

ባሌ ደንግጦ ቀና አለ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ የረገጠ ሰው ስሙ የትም ይከተለዋል፤ ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም። አውቄዋለሁ። ሁለቱ ሳይሰናበቱን ወጡ። ሐጂ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ለባልሽ ሽማግሌ ሆኜ አባትሽ ደጅ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ረሳሽው?"

"አልረሳሁም፣ ሐጂ። ያኔ ግን አባቴ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት እኔን አስጠርተው፣ ልጄ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል።"

ጫማቸውን አጥልቀው ቀስ ብለው ወጡ።

በምርጫው ሦስት ለሁለት አሸነፍን። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም። ማይኩን ከመክፈታቸው በፊት ግን ይጠይቁኛል።