የአራተኛ ዲቪዚዮን በረኛ ቂም

ጣሊያን አገር ለብዙ ዓመት በረኛ ነበርኩ። ትልቁ ሊግ ውስጥ አይደለም፤ አራተኛ ዲቪዚዮን፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ጠዋት የወለል ንጣፍ ፋብሪካ እሠራለሁ፣ ከሰዓት ልምምድ፣ እሁድ ጨዋታ። ግቡ አካባቢ ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ ክርኔ ተልጦ አያውቅም ማለት ውሸት ነው። ከጀርባዬ የሚቆሙት ጡረተኞች ዘጠናውን ደቂቃ በእናቴ ይሰድቡኝ ነበር። የግራ እጄ ትንሿ ጣት እስከ ዛሬ ጠማማ ናት። ጉራ አይደለም፤ ሥራዬ ነበር፣ ሠርቼዋለሁ።

ትዳር ሚኒሶታ አመጣኝ። ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ሥራ ገባሁ፣ ሪችፊልድ አፓርታማ ተከራየን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቡድንም መጫወት ጀመርኩ። አሰልጣኙ ራሱ አጥቂ ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምት ከተገኘ ማንንም አያስነካም። በረኛው የእህቱ ልጅ ስለሆነ እኔን ተጠባባቂ አደረገኝ። ይሁን አልኩ። ያልዋጥኩት ሌላውን ነው። አንድ የልጅ ልደት ላይ ሳህን ይዘን ቆመን ሳለ፣ «እሱ እኮ ጣሊያን ኳስ አቀባይ ነበር!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ሚስቴም ፈገግ አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና በእንግሊዝኛዋ፣ እውነት ኳስ አቀባይ ነበርክ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አልነበርኩም አልኳት። ማመኗን እንጃ።

ያን ቀን ቂም ያዝኩ። እንደዚያ ያለ ቂም ይዤ አላውቅም፤ ደግሞም ተመቸኝ። መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስደረድር አብሮኝ ይውል ነበር።

የአበሻ ቡድኖች በየሰመሩ፣ በበጋ፣ የሚጋጠሙበት ዋንጫ ጥቂት ቀን ሲቀረው የእህቱ ልጅ እጁ ወለቀ። አሰልጣኙ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ።

«ወንድሜ፣ ጆክ ነበር። ሲሪየስ ትወስደዋለህ ብዬ አላሰብኩም። በጌታ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

«በሉ ተቃቀፉ» አሉ ሽማግሌዎቹ። ይቅር ብያለሁ አልኩ፤ ተቃቀፍን፤ ተጸለየ። አሜን ከማለታችን፣ «እና ቅዳሜ ትመጣልናለህ አይደል? በረኛ የለንም» አለኝ።

ሽማግሌ ሰብስቦ የመጣው ይቅርታ ፈልጎ ሳይሆን በረኛ ቸግሮት ነው።

«እመጣለሁ፤ ግን ለተጋጣሚያችሁ፣ ለኢገን ከተማ ልጆች ነው። ትናንት ሳይን አደረግሁላቸው» አልኩት።

«አሁን ይቅር ብለኸው የለም እንዴ?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

«ብያለሁ፣ አባቴ። ግቤን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ ግን አላልኩም።»

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው በሙሉ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ወጥቷል። አንድ ለባዶ እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በእኛ በኢገኖቹ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። አሰልጣኙ ኳሷን በብብቱ ይዞ መጣ። ፈገግ አለልኝ፤ አብረን ጸልየን የለ! ጣሊያን ውስጥ አስቀድሞ የሚወድቅ በረኛ ጡረተኞቹ አይምሩትም፤ ስለዚህ መቆም እችላለሁ። ቆሜ የሚተክለውን እግሩን ጠበቅሁ። ወደ ግራዬ ዞረ። ተወረወርኩ፤ ኳሷን መልሼ አልሰጠሁትም፤ ይዤ ደረቴ ላይ አጣበቅኋት።

ተነሥቼ አጠገቡ ሄድኩና፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ሂድና አሁን ምን እንደነበርኩ ንገራቸው» አልኩት። አቀረቀረ። ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን አልጠገብኩም። ደግሞ እንዲመታ፣ ደግሞ እንዲያዝበት፣ እስኪመሽ እዚያው እንዲቀርልኝ ነበር የፈለግሁት።

በማግስቱ የጌታ እራት ነበር። ወንድሙን የተቀየመ አይቆርስም። አሰልጣኙ ከፊታችን ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ከትሪው ቁራሹን ወሰደ። ትሪው እኛ ጋ ሲደርስ ሚስቴ ያዘችልኝ፤ እጄን አላነሣሁም።

«ይቅር አልከው አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ገና» አልኳትና ትሪውን ለጎረቤቴ አሳለፍኩት።