በየጠዋቱ የሚነገረው

ከባድ መኪና ከነተሳቢው ስነዳ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ጭጋግ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ሌላው ሾፌር ወርዶ የሚጸልይበት ቦታ እኔ እያፏጨሁ አልፌያለሁ። ያላመነ ይጠይቅ፤ የሚጠየቁት ሞተው አለቁ እንጂ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ግን "ተሳቢ" የሚለኝ ለመኪናዬ ብሎ አይደለም። "ወሬህ ተሳቢ አለው፤ ፊቱ ካለፈ በኋላ ኋላው ገና እየመጣ ነው" ይለኛል። እኔም "መርፌ" እለዋለሁ። ቀጭን ነው፣ ሲናገርም ይወጋል።

የማወራው ግን ስለ ሴት ልጁ ነው። ያቺ ልጅ ድምጿ አይሰማም፤ ደረጃ ስትወርድ እንኳ ድመት የወረደ ነው የሚመስለው። እናቷ ከሞተችና አባቷ መርሳት ከጀመረ ወዲህ ሥራዋን ቤት አመጣችው። ፊት ለፊት ያለው ክፍል መርፌ ልብስ የሚሰፋበት ነበር። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ጨርቅ የሚቆረጥበት ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን አስቀመጠች፤ የአባቷን መቀስና ጠመኔ ግን አላነሳችም፣ ገፋ ብቻ አደረገቻቸው።

እኔ ከሰዓት በኋላ ከመርፌ ጋር ልቀመጥ እመጣለሁ። አንድ ቀን ብቻዋን ስታጉረመርም ሰማኋት።

"ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?"

"አልጣላም ጋሼ፤ እያሠራሁ ነው።"

"ማንን? ከኛ ከሁለታችን ሽማግሌዎች ሌላ ሰው አላይም።"

ሳቀች። "ኤጀንት ይባላሉ። ሰው አይደሉም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ኮድ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ናቸው። የአውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚቆረጥበትን ነው የምንሠራው። አንዱ ወንበሩን ይይዛል፣ አንዱ ዋጋውን፣ አንዱ ደረሰኙን።"

አውቶቡስ ከተባለ እኔ ዝም አልልም። አንድ ረዳት አውቅ ነበር፣ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጥ ነበር። ሰዎቹ ደግሞ ሁለቱም ወፍራም! እስከ መጨረሻው ተቃቅፈው ነው የሄዱት፤ በኋላ ተዛመዱ አሉ፣ አንዱ የሌላውን እህት አገባ። ይሄን ነግሬያት ስጨርስ መርፌ እንኳ ፈገግ ብሎ ነበር።

"የኔዎቹም ካልተጠበቁ እንደሱ ያደርጋሉ" አለችኝ። "ችግራቸው ምን መሰለዎት፣ በተነሱ ቁጥር ትናንትን አያውቁም። ምን እንደሚሠሩ፣ ሥራቸው በማን ሥራ ላይ እንደቆመ ሁልጊዜ እንደ አዲስ መንገር አለብኝ።"

"ታዲያ ሁሉንም ዘርግፊላቸዋ!"

"ሁሉን ከነገርኳቸው ይዘባርቃሉ። ካልነገርኳቸው ደግሞ ከራሳቸው ይፈጥራሉ። ለእያንዳንዱ ሥራው የተንጠለጠለበትን ብቻ ነው የምሰጠው። ወንበር ካልተያዘ ዋጋ የለም፣ ዋጋ ከሌለ ደረሰኝ የለም።"

"ትከሻ ሳይያያዝ እጅጌ አይገባም" አለ መርፌ ከወንበሩ።

ሁለታችንም ዞር አልን። ወዲያው ዓይኑ ተመልሶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ "ከሱ እኮ ነው የተማርኩት" አለችኝ። "አንዱ ኤጀንት ሲቆምብኝም አልቆጣም። 'ምን እየጠበቅህ ነው?' እለዋለሁ፤ ይነግረኛል።"

መርፌም እንደነሱ ሆኖ ነበር። ሲነጋ ትናንት የለውም። ልጅቷ በየጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ትነግረዋለች። "አባዬ፣ ልጅህ ነኝ። ይሄ ቤትህ ነው። ልብስ ሰፊ ነህ፣ አሁን አርፈሃል። ጉልበትህን ስለሚያምህ ደረጃ ብቻህን አትውረድ።" በመጀመሪያው ሰሞን ንግግሯን ስትጨርስ "እማዬ ሞታለች" ትለው ነበር። እሱም ገና እንደሰማ ሰው ይጮህ ነበር፤ ገና መስማቱም ነው። ግድግዳ አንድ ስለሆነን እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን እይዛለሁ።

አንድ ጠዋት የእናቷን ሞት መንገሩን ተወችው። "ይሄን ማወቁ ለምኑ ነው? በዚህ ላይ የቆመ ምንም ነገር የለም" አለች። ሲጠይቃት "ወጣ ብላለች" ትለዋለች፣ "እሺ" ይላል፣ አለቀ። ጩኸቱ ቀረ። እኔም እንቅልፌን አገኘሁ።

ግን ሰውየው መክሳት ጀመረ። ድሮም መርፌ ነው፤ ጭራሽ ክር ሆነ። ሐኪም አየው፣ በሽታ የለም ተባለ። ሾርባ ሲቀርብለት ማንኪያውን ያነሳና መልሶ ያስቀምጣል። ከዚያ በሌላ ሳህን ይከድነዋል፣ አሳምሮ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ ልክ ገበር እንደሚገጥም። ያልሞከርነው የለም። እኔ እንኳ ልጆቼን በልመና አብልቼ የማላውቅ ሰውዬ ለመንኩት።

አንድ ከሰዓት ተቀምጠን ሳለ፣ ልጅቷ የደረሰኙ ኤጀንት ቆመባት። እየጻፈች አፏም ያወራል፤ "ምን እየጠበቅህ ነው?" አለችው። አለችና እጇ እዚያው ቀረ። ቀና ብላ አባቷን አየች። የተከደነውን ሳህን አየች። ተነስታ መጣችና ጉልበቱ ሥር ቁጢጥ አለች።

"አባዬ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?"

ሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው ነው ያያት። "እናትሽን ነዋ! ወጣ ብላለች አላልሽም? እሷ ሳትመጣ በልቼ አውቃለሁ?"

እውነቱን ነው። ሚስቱ የተሰፋ ልብስ ለደንበኛ አድርሳ እስክትመጣ ምግቡ በረዶ ይሆናል እንጂ ያ ሰው አይነካም። እኔ ስንቴ "ሆድህን ለሚስትህ በአደራ ሰጠኸው?" ብዬ ቀልጄበታለሁ። እያወቅኩት እኮ ነው፤ ማን ያገናኘዋል?

ልጅቷ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። "ጋሼ፣" አለችኝ ሳትዞር፣ "ለካ ሞቷን ስደብቀው ምሳው የቆመበትን ነው የወሰድኩበት።"

በማግስቱ ጠዋት ነገረችው። ጮኸ። እሷም አብራ አለቀሰች። ከዚያ ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፣ በላ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ ወይ ይራባል ወይ ያለቅሳል፣ እሷ ልቅሶውን መረጠች። እኔ ብዙ ቀብር ቆሜያለሁ፤ የሰው ልቅሶ ውሎ አድሮ ይበርዳል። የሱ አይበርድም፣ ሁልጊዜ የዛሬ ነው። አልቅሶ ሲያበቃ ግን በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ "አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ" ይላታል። የዛሬን ዛሬ ያጽናናታል።

የትኬቱ ሥራ አለቀና አውቶቡስ ያላቸው ሰዎች ፊት ልታሳይ ሆነ። አባቷ ሳይነቃ መውጣት አለባት። ወደኔ መጣች። "ጋሼ፣ ቁርስ ሳይቀርብ መነገር አለበት። ይችላሉ?"

"እኔ? ከነተሳቢው ገደል የወጣሁ ሰው?" አልኳት።

ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ቤትህ ነው። ልጅህ ሥራ ሄዳለች። ጉልበትህን ያምሃል።" ይሄን ሁሉ አሳምሬ አልኩ። ከዚያ አፌ አልታዘዝ አለ። አንዴ ድልድይ በጎርፍ ተወስዶብን ያደርንበትን ማውራት ጀመርኩ። ከድልድዩ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ረዳቴ ሄድኩ...

"ተሳቢ" አለኝ።

"አቤት።"

"አንተ እንዲህ ስትዞር ጭነትህ ከባድ ነው። ማን ሞተ?"

የድልድዩን ወሬ እዚያው አቆምኩት።

"እሷ ናት?"

"እሷ ናት።"

አለቀሰ። ልጅቷ ለቁርስ ከዳቦ ጋር ከድና የሄደችው እንቁላል ቀዘቀዘ። እጁን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ፊቱን በአንሶላው ጠረገና፣ "ልጄ ሰምታለች?" አለኝ።

"ሰምታለች።"

"ያቺ ልጅ ብቻዋን! ማን አጽናናት?"

"አንተ" አልኩት። "በየጠዋቱ።"

"እኔ?"

"አንተ።"

አልገባውም። ግን ካለቀሰ ወዲህ ትከሻው ትንሽ ረገብ አለ። ሳህኑን ገለጠ፣ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰና ግማሹን ወደኔ ገፋው።

"ብላ እንጂ። ብቻዬን አልበላም።"

በላሁ።