እማማ ዝማም ጓሮ የሚመጣው አውሬ

ከሰቆጣ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ሰው ለንግሥ ይሄዳል፣ ለለቅሶ ይሄዳል፤ እኔ የሄድኩት አንድ አውሬ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቼ ለመመለስ ነበር። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ክረምት ሲቀረው ነው፤ ወሩ ጥቅምት፣ ጤፉ ቢጫ መምሰል የጀመረበት ሰሞን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ርቃ በምትገኝ መንደር፣ እማማ ዝማም የሚባሉ ሸክላ ሠሪ አሉ። ሰቆጣ ገበያ የምሸጠው ድስትና እንስራ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ባላቸው ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆየ። አንድ የገበያ ቀን ሸክላቸውን የሚያመጣልኝ ባለአህያ ባዶ እጁን መጣ።

"እማማን ከቅሬ አስወጧቸው" አለኝ።

ቅሬ ማለት በእኛ አገር ቀባሪ ማለት ነው። ድንኳኑም፣ ቃሬዛውም፣ ጉድጓድ ቆፋሪውም የቅሬው ነው። ከቅሬ የተባረረ ሰው ቢሞት ማን ያነሳዋል? ምን አድርገው ነው ብዬ ጠየቅኩት።

"ጓሯቸው አውሬ ታየ። አውሬው ራሳቸው ናቸው ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገር ልቀቂ ሊሏቸው ነው።"

ቤቴን ለባለቤቴ ትቼ፣ በሶና ቆሎ ቋጥሬ፣ ቅዳሜ በጠዋት መንገድ ጀመርኩ።

አይሱዙው ላይ

የጋቢናው ሰው ሞልቶ ስለነበር ከላይ፣ ከጨው ጆንያ ጋር ተጫንኩ። ከሰቆጣ ሲወጣ መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው፤ መኪናው ገደሉን እየታከከ ሲወርድ ሴቱም ወንዱም የማርያምን ስም ይጠራል፣ ሜዳ ሲደርስ ሁሉም ወሬውን ይቀጥላል። አጠገቤ የተቀመጠ የፍየል ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ሳይጠይቀኝ ያንኑ የምሄድበትን ወሬ ያወራ ጀመር።

"የጅቡ ጆሮ ያህያ ነው አሉ" አለ።

"ጅብ ነው አላልክም እንዴ? ጅብ ከመቼ ወዲህ ነው ያህያ ጆሮ ያበቀለው?"

"እሱ እኮ ነው ነገሩ፣ እቱ። ጠይብ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች። ይቺኛዋ ግን አርጅታለችና ጉልበት አጠራት መሰለኝ፣ ሳትጨርስ ታየች። ግማሽ ላይ።"

"ለጅብነትም ጡረታ አለው በለኛ" አለ ከወዲያ ያለው፤ ጭነቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቅ ይወዳል ያገሬ ሰው፣ እኔም እወዳለሁ። ያን ዕለት ግን ፊቴን ወደ ነጋዴው መለስኩ።

"አንተ አይተኸዋል?" አልኩት።

"እኔማ ባየው በሕይወት አለሁ?"

"ማን አየው ታዲያ?"

"ያየው ሰውዬ ለሌላ ሰውዬ ነግሮት ነው።" ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያደረባት መንፈስ ስሙ ሳይቀር ታውቋል። አዋልዲጌሳ ይባላል። ይኼን እንኳ ተራ ሰው አይደለም የተናገረው፣ የግብርናው ባለሙያ ነው።"

አምደወርቅ

ባለሙያውን ያገኘሁት ምግብ ቤት ሽሮ ሲበላ ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ብይ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ስለ አዋልዲጌሳ ስጠይቀው ደስ አለው።

"ትክክለኛ ስሙ ነው። ቃሉ ከኦሮምኛ የመጣ ነው። ምስጥ የሚበላ አውሬ ነው፣ ሰው አይነካም፣ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ሽማግሌዎቹ መጥተው መልኩን ሲነግሩኝ ወዲያው አወቅሁት።"

"ምስጥ በላ መሆኑን ነገርካቸው?"

"ስሙን ነው የጠየቁኝ። ስሙን ነገርኳቸው።"

"ስሙን ዛር አደረጉት እኮ።"

"ሰምቻለሁ" አለ።

ሰምቷል። አንዲት አሮጊት በእሱ ቃል ከአገር ልትባረር መሆኑን ሰምቶ ሽሮውን ይበላል። ሄደህ ለምን አታስረዳም ብለው፣ የእምነት ነገር ስለሆነ አልገባበትም አለኝ። ትክክለኛ ስም የማይሰማ ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ አየሁ። ጅብ ቢላቸው ኖሮ ይሻል ነበር፤ ጅብን ቢያንስ ያውቁታል።

የእማማ ዝማም ቤት

ከአምደወርቅ በእግር ሄድኩ። ገደሉን ወርጄ፣ የደረቀውን ወንዝ ተሻግሬ፣ የማሽላ እርሻውን አልፌ። የእማማን ቤት የጠየቅኳቸው ሴቶች በአገጫቸው አመለከቱኝ እንጂ የእማማን ስም በአፋቸው አልጠሩም። ቤቱ ከመንደሩ መጨረሻ፣ ቀይ ተዳፋት ላይ ነው። ዙሪያውን እንደ ሰው የቆመ ኩይሳ፣ በምስጥ የተሠራ ጉብታ ሞልቶታል።

"መጣሽ ልጄ?" አሉኝ። "ድስት የለም፤ ጭቃ የሚያመላልስልኝ ሰው ጠፋ።"

ቂጣ በበርበሬ አቀረቡልኝ። በላን። ስለ አውሬው ስጠይቃቸው እንደ ጎረቤት ነው ያወሩልኝ።

"እሱማ ይመጣል። ኩይሳውን ይቆፍራል፣ ምስጡን ይልሳል፣ ይሄዳል። ጣራዬን ከምስጥ ያዳነልኝ እሱ ነው፣ ምን ብዬ ላባርረው?"

"ይኼን ለሰዎቹ ለምን አልነገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። ከበሩ ስንጥቅ አየሁት። ጀርባው ጎባጣ፣ አፍንጫው እንደ ከርከሮ ሾጠጥ ያለ፣ ጆሮው እውነትም ያህያ፣ ጅራቱ ሥሩ ጋ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የወፈረ። አፈሩን እንደ ውሻ ወደ ኋላው እየበተነ ቆፈረ፣ ከዚያ እንደ ደከመው ሽማግሌ እያዘገመ ወደ ገደሉ ወረደ። እማማ ዝማም ትከሻዬ ጎን ቆመዋል። አውሬውና እሳቸው ሁለት መሆናቸውን እግዜር ያያል፣ እኔም አየሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጡ። እማማ ከሩቅ ቆሙ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል፤ ጠይብ ግን ፀጉሯ ሸብቶም አንቺ ናት። የቅሬው ዳኛ አያ ወልዱ፣ በዕድሜ የልጃቸው እኩያ የሚሆን፣ "ነይ፣ ቅረቢ" አላቸው። ደሜ ፈላ።

"አውሬውን ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ" አልኩ። "እማማም አጠገቤ ቆመው አብረን አየነው። አዋልዲጌሳ ያላችሁት ምስጥ በላ አውሬ ነው፣ ኑና ዱካውን እዩ።"

"የሰቆጣ ሰው ወሬ ይወዳል" አለ አንዱ።

"ወሬ ነው ካልክ ተነስና ሂድ። መሬቱ አይዋሽም።"

እያመነቱ ተነሱ። የተቆፈረውን ኩይሳ፣ የጥፍሩን ዱካ አሳየኋቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ፋንድያውን አገኘን፤ አንድ ሽማግሌ በእንጨት ፈረካከሰው። ውስጡ የምስጥ ጭንቅላት ብቻ ነው።

"ሰው የበላ አይደለም" አለ ሽማግሌው። "አዋልዲጌሳም መንፈስ ሳይሆን የዚህ አውሬ ስም መሆኑ ነው እንግዲህ።"

አለቀ ብዬ ነበር። አያ ወልዱ ግን አገጩን እያሻሸ፣ "እሺ፣ አውሬ ይሁን። ከዚህ ሁሉ ቤት ግን ወደ እሷ ለምን መጣ?" አለኝ።

እዚህ ላይ እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። "ምስጡ እዚህ ስላለ ነዋ፣ አያ ወልዱ። መሬት ስትከፋፈሉ ጤፍ የሚያበቅለውን ለራሳችሁ ወሰዳችሁ፣ ለጠይብ ማንም የማይፈልገውን ኩይሳ ሰጣችሁ። አውሬው የመጣው እናንተ ወደሰጣችኋት መሬት ነው።"

ተመልሰው አጥሩ ሥር ተቀምጠው ብዙ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ አያ ወልዱ ተነሳና፣ "ቅሬው ይቅር ብሎሻል። ወደ ቦታሽ ተመለሺ" አላቸው።

ይቅር ብሎሻል። ልናገር አፌን ስከፍት እማማ ዝማም ክንዴን ያዙኝ። ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ።

ሲሸኙኝ መንገድ ላይ ተቆጣኋቸው። "ምን በደሉና ነው ይቅርታ የሚቀበሉት?"

"አንቺ ወጣት ነሽ፣ ቁጣ ያምርብሻል" አሉኝ። "ልጄ የት እንዳለች አላውቅም። እኔ የምፈልገው የሚቀብረኝ ሰው ነው። ዛሬ አገኘሁ።"

ሰቆጣ

ስመለስ ጉልበቴ በድንጋዩ ደቋል፣ ፀጉሬ አቧራ ጠጥቷል። በመንገድ ላይ የተማርኩት ይህን ነው፤ አውሬን ማወቅ ቀላል ነው፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ማየት ብቻ ይበቃል። የሰው ነገር ግን ዱካውን አሳይተህም፣ ፋንድያውን ፈርክሰህም አያልቅም።

ባለቤቴ የእግር ውሃ አቀረበልኝ።

"እሺ፣ እንዴት ሆኑ እማማ?" አለኝ።

"ይቅር አሏቸው።"

"ምን አጥፍተው?"

"እኔም እሱን ስጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኩት።