የካሎላይኔ ቀኝ ጎን

በአንድ የቫቫኡ ደሴት መንደር ካሎላይኔን የሚያህል ልጥ ቀጥቃጭ አልነበረም። ሴቶቹ ልጡ የሚነጠፍበትን ግንድ ከበው ለሠርግ ጨርቅ የሚሆነውን የዛፍ ልጥ በእንጨት መዶሻ ሲቀጠቅጡ፣ ምት የሚጠብቁት እሷን ተከትለው ነው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ትኮራበታለችም።

ባለፈው የዝናብ ወራት ግን ድንገት ሆዷን ወግቷት ግቢዋ ውስጥ ወደቀች። ባሏ ሲዮሳያ በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት አደረሳት። ፅንሱ ማህፀኗ ውስጥ ሳይሆን በቀኝ በኩል ባለው የእንቁላል ቱቦዋ ውስጥ አድሮ ኖሮ፣ ቱቦው ፈንድቶ ደም ሆዷን ሞልቶታል። ሐኪሞቹ ሆዷን ቀደው ቱቦውን አወጡና ነፍሷን አተረፉ። ማርገዟን ገና ለማንም አልተናገረችም ነበር። መንደሩ «ትርፍ አንጀት ነው» አለ፤ እሷም አላስተባበለችም።

ቁስሉ ዳነ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ክንዷን ባነሳች ቁጥር የሆነ ነገር ከውስጥ ቀኝ ጎኗን ይዞ ይጎትታታል። የጤና ጣቢያው ነርስ ጠባሳዋን ዳሰሰና፣ «ተዘግቷል እኮ፤ ታገሺው» ብሎ መለሳት። ሌላ ጊዜ ስትሄድም ያንኑ ደገመላት።

አንድ ጠዋት ግንዱ ጋ ስትቀጠቅጥ ጎኗ ያዛትና ምቷ ዘገየ። የሴቶቹ አለቃ፣ አሮጊቷ ፉሲ፣ ምላሷ አያርፍም።

«ምነው ካሎላይኔ፣ ልጡን እያባበልሽው ነው? እህቴ ትርፍ አንጀቷ በወጣ በወሩ ዓሣ ታጠምድ ነበር!»

ሴቶቹ ሳቁ። ካሎላይኔ መዶሻዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ትርፍ አንጀት አልነበረም። ልጅ ነበር። ያለ ቦታው አድሮ ቱቦዬን አፈነዳው። ልጁም ሄደ፣ ቱቦውም ሄደ፣ ሕመሙ ግን እኔው ጋ ቀረ። እየለገምኩ አይደለም፤ እያመመኝ ነው።»

ፉሲ መዶሻዋን አስቀምጣ ተጠጋቻት።

«ልጄ፣» አለች ፉሲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቅሽን?»

«ደካማ እንዳትሉኝ።»

«ደካማ? ከሞት አፋፍ ተመልሰሽ ከኛ እኩል ስትቀጠቅጪ የከረምሽው አንቺ?» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «እስቲ ከናንተ ይሄን የምትችል ትነሳ!» ወደ ካሎላይኔ ተመለሰች። «አሁን ዋናው ደሴት ሐኪም ቤት ሄደሽ ትታያለሽ። እምቢ ካልሽ ጎትቼ ነው የምወስድሽ።»

ካሎላይኔ ባሕሩን ተሻግራ ሄደች። እዚያም ያለው ሐኪም መድኃኒት ጽፎ ሊሸኛት ሲል፣ «ምክንያቱን ሳላውቅ ከዚህ ወንበር አልነሳም» አለችው። ሴት ሐኪም ተጠራች። እሷም ሆዷ ላይ በከፈተችው ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብታ ስታይ፣ አንጀቷ ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ አገኘችውና አላቀቀችው።

«ልክ ነበርሽ፤ የሚጎትትሽ ነገር ነበር» አለቻት። «ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ላይተውሽ ይችላል። በድንገት ከባሰብሽ፣ ካስመለሰሽ ወይም ካተኮሰሽ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ።»

ሕመሙ ቀለለላት እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። አሁን ዝቅ ያለች ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትቀጠቅጣለች፤ ሲደክማት ታርፋለች፤ የሚስቅባት የለም።

ጨርቁ የተሠራለት ሠርግ በደረሰ ቀን ሴቶቹ ረጅሙን ጨርቅ ዘርግተው በመንደሩ መሐል ሲያልፉ፣ ፉሲ የክብሩን ቦታ፣ የፊቱን ጫፍ፣ ለካሎላይኔ ሰጠቻት። ሲዮሳያ ከወንዶቹ መሐል፣ «የኔዋ ናት!» ብሎ ጮኸ።

«እኛም ዓይን አለን! ይልቅ መንገዱን ልቀቅ!» አለችው ፉሲ።

ካሎላይኔ ጎኗን እስኪይዛት ሳቀች። አንድ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ጨርቁን እንደያዘች አንገቷን ቀና አድርጋ ቀጠለች።